የጎደለው የመርፌ ጫፍ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ዕለት ነው። ቃሊቲ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ፣ በከባድ መኪኖች መሐል ተሻግሬ የልብስ ፋብሪካው በር ላይ ቆምኩ። ጥበቃው ስሜን ከወረቀት ላይ ፈልጎ አስገባኝ። ወደ አዳራሹ ስጠጋ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰማሁ። ቀና ስል ሰማዩ ጥርት ብሏል። በሩ ሲከፈት ነው ድምፁ የስፌት ማሽኖች መሆኑ የገባኝ። ያ ዝናብ ሃያ ሁለት ዓመት ሳያባራ ዘነበ።

አዲስ ገቢዎቹን የተቀበሉን ጋሽ ደበላ የሚባሉ መካኒክ ናቸው። ክር የሌለው ማሽን ላይ አስቀመጡኝና መስመር የተሰመረበት ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱን በመርፌው ሥር እያስኬድኩ መስመሩን መከተል ነበረብኝ። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ስበሳ ዋልኩ። መውጫ ሰዓት ላይ ጋሽ ደበላ አንዱን ወረቀት አንሥተው ከጣሪያው መስታወት በሚገባው ብርሃን ፊት ያዙት። ቀዳዳዎቹ ተራ በተራ በሩ። ነገ ክር ይሰጥሻል አሉኝ። ከዚያ ወለሉን በጫማቸው መታ መታ አድርገው፣ አንቺ የተቀመጥሽበት የአባቴ የጤፍ ማሳ ነበር አሉና ሄዱ።

በማግስቱ ክር ከመስጠታቸው በፊት የመርፌውን ሕግ ነገሩን። መርፌ ሲሰበር እግርሽን ከፔዳሉ ታነሻለሽ፣ እጅሽን ወደ ላይ ታወጫለሽ፣ ከቦታሽ አትነቃነቂም። መካኒኩ መጥቶ ቁርጥራጩን ይለቅማል። መዝገቡ ላይ ሙሉ መርፌ ተስሏል። ቁርጥራጮቹ በሥዕሉ ላይ በስኮች ይለጠፋሉ። መርፌው ሞልቶ ከተገኘ ትፈርሚና አዲስ ይሰጥሻል። አንድ ቁራጭ ከጎደለ የማሽኖቹ መስመር በሙሉ ይቆማል፤ በአካባቢው ያለው ልብስ ሁሉ ይፈተሻል። የተሰበረ መርፌ የደበቀች ከሥራ ትሰናበታለች።

አንዷ ይህን ያህል ለምን እንደሆነ ጠየቀች። ጋሽ ደበላ ልብሱን የሚለብሰው ሰው ቆዳ አለው ብለው ብቻ መለሱላት።

መጀመሪያ ረዳት ነበርኩ። ረዳት ትርፍ ክር ትቆርጣለች፣ የተሰፋውን በአርባ በአርባ ትቆጥራለች፣ አስራ ወደ ቀጣዩ ማሽን ታሳልፋለች። ከዚያ ኦፕሬተር ሆንኩ፤ በኪስ ጀምሬ ወደ እጅጌ፣ ከእጅጌ ወደ ኮሌታ አለፍኩ። ሸሚዝ ላይ ከኮሌታ የሚከብድ የለም። ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ በሰርቪስ ስንመጣ የመንገደኛውን ሁሉ አንገት አይ ነበር።

ሰርቪሱ ውስጥ ሁሉም ይተኛል። ጭንቅላቶች መስታወቱ ላይ ተደግፈው ከመኪናው ጋር ይወዛወዛሉ። ውጪ ጭጋግ አለ። የፋብሪካዎቹ መብራት በጭጋጉ ውስጥ ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔ በእንቅልፍና በጸሎት መካከል ሆኜ እደርሳለሁ። ማሽኑ ላይ ስቀመጥም ያ ስሜት አይለቀኝም። በእያንዳንዱ ኮሌታ አንድ ጊዜ አቤቱ ማረኝ እላለሁ። በጣሪያው ብርሃን ውስጥ የጥጥ ብናኝ ይንሳፈፋል። ብዙ ዓመት በዚያ ብርሃን ውስጥ በእጄ እየሠራሁ በልቤ ሌላ ቦታ ነበርኩ። ለዚያም አመሰግናለሁ።

ባለቤቴ ያረፈው ትንሿ ልጄ ጡት ሳትጥል ነው። ሦስት ልጆች ነበሩኝ። ያን ጊዜ ከሰው ምንም አልቀበልም ብዬ ወሰንኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይበቃኛል እል ነበር። ጎረቤት ምግብ ከላከችልኝ በዚያው ቀን ሳህኗን ሞልቼ እመልሳለሁ። የሰው ልቅሶ ላይ ውሃ የምቀዳ እኔ ነኝ። እኔ ስታመም ግን በሬን ዘግቼ እተኛለሁ። የንስሐ አባቴ አንድ ጊዜ፣ ለሰው ሁሉ ትጸልያለሽ፤ ጸልዩልኝ ብለሽ የጠየቅሽው ሰው አለ ወይ ብለውኛል። ሰውን ላለማስቸገር ነው አልኳቸው። 

ከጎኔ ባለው ማሽን የምትሠራው ከድጃ ናት። ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው እዚሁ አቃቂ የተቀመጡ ናቸው፤ ባሏ የጭነት መኪና ይነዳል። ወሬዋ አያልቅም። ዐቢይ ጾምና ረመዳን አብረው በዋሉባቸው ዓመታት በምሳ ሰዓት ሁለታችንም የምንሄድበት አልነበረንም። ቆራጮች ክፍል ገብተን በጨርቅ ጥቅል ላይ ጋደም እንላለን። እሷ እያወራች ይወስደኛል። አንዳንዴ ስነቃ እሷም ወሬዋን ሳትጨርስ እንቅልፍ ወስዷት አገኛታለሁ።

በመስመራችን አለቃ ያላወጣው አንድ ልማድ ነበር። በዒድ የእነሱን ፈረቃ እኛ እንይዛለን፤ በሰሙነ ሕማማት ደግሞ እነሱ የእኛን ይይዛሉ። እኔ በየዒዱ የከድጃን ፈረቃ ይዣለሁ። የእኔን ግን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት እስከ ስምንት ሰዓት ሠርቼ፣ ሮጬ ቤተ ክርስቲያን እደርሳለሁ። ከድጃ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ውለታ እንዳይኖርብሽ ነው አይደል፣ ትለኝ ነበር። እስቅና አልፋታለሁ።

በአሥራ ሰባተኛው ዓመት ዓይኔ ደከመ። ሩቅ አያለሁ፤ የመርፌዋ ቀዳዳ ግን ጠፋችብኝ። ክሩን በከንፈሬ አርሼ፣ ቀዳዳዋን በጣቴ ዳብሼ እሰካለሁ። አንዳንዱን ቀን በአንድ ጊዜ ይገባል፤ አንዳንዱን ቀን አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ለማንም አልተናገርኩም። ኮሌታውን በልማድ እሰፋው ስለነበር ማንም ያወቀብኝ አልመሰለኝም።

ከድጃ አውቃለች። አንድ ጠዋት ስደርስ ማሽኔ ክር ተሰክቶለት ቆየኝ። በማግስቱም እንደዚሁ። እሷ ጎንበስ ብላ የራሷን ሥራ ትሠራለች። እኔ ምን እንዳደረግኩ ለመጻፍ አፍራለሁ። ክሩን ነቅዬ እንደገና ራሴ ሰካሁት። በየጠዋቱ ትሰካልኛለች፤ በየጠዋቱ እነቅላለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ።

በበሩ አጠገብ ሰሌዳ አለ። በዓመቱ ማን ስንት መርፌ እንደሰበረ ይጻፍበታል። ከእኔ ስም ትይዩ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። አዲስ ገቢዎች ሲመጡ የመስመሩ ኃላፊ ሰናይት ወደ ሰሌዳው ትወስዳቸውና እትዬ አስካለን እዩ ትላቸዋለች። ሰናይትን ወረቀት ላይ ያለማመድኳት እኔ ነኝ። ጎበዝ ልጅ ናት፤ አለቃዬ ስትሆን ደስ ብሎኛል።

አንድ ቀን ወለል ላይ ወድቆ ያገኘሁት አዲስ መርፌ ነበረኝ። መመለስ ሲገባኝ በወረቀት ጠቅልዬ ጋውኔ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለምን እንዳስቀመጥኩት ያን ጊዜ ለራሴም አልነገርኩም።

ሥራዬን ልጨርስ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ፣ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ለአጸደ ሕፃናት ልጆች ሸሚዝ እንሰፋ ነበር። ኮሌታዎቹ ትናንሽ ናቸው። ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ ወፍራሙ መገጣጠሚያ ላይ መርፌዬ ጠቅ ብሎ ተሰበረ።

እግሬን ከፔዳሉ አነሣሁ። እጄን ግን አላነሣሁም። ሰሌዳውን አየሁ። ሰናይት በዚያ ማዶ ከቆራጮቹ ጋር ታወራለች። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ዳበስኩ። አንዱ ቁራጭ ማሽኑ ላይ ቀርቷል፤ ሌላው ጠረጴዛው ላይ ተገኘ። ጫፉ የለም። ጫፉ ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። ልብሱን ገለባበጥኩ፤ ለእኔ ሁሉም ነጭ ነው።

ከድጃ ምን ወደቀብሽ አለችኝ። ምንም አልኳት። ሁለቱን ቁራጮች ኪሴ ከትቼ አዲሱን መርፌ አውጥቼ ተከልኩ። ክሩ ያን ቀን በአንድ ጊዜ ገባ። እግዚአብሔር ረዳኝ ብዬ አመሰገንኩ። እንዲህም ብዬ አመስግኛለሁ።

ጫፉ ወለሉ ላይ ወድቋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የሰፋሁት አርባ ሸሚዝ ታስሮ ወደ ካውያ ክፍል ሄደ። ሁሉን ልብስ የሚፈትሽ ማሽን ያላቸው ፋብሪካዎች አሉ ይባላል። እኛ ጋ የነበረው የጋሽ ደበላ የእጅ ማግኔት ነው፤ እሱም የሚወጣው መርፌ ተሰበረ ሲባል ነው። በስምንት ሰዓት ፈረቃው ተቀየረ። ከእኛ የመስመር ሰዎች ብዙዎቹ ለስግደት ሄዱ። ከድጃና ጓደኞቿ በሁለተኛው ፈረቃ የሚሠሩትን ክርስቲያኖች ቦታ ይዘው ቀሩ።

ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ሕፅበተ እግር ተጀምሯል። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ለማሰብ ካህናቱ የምእመናንን እግር ያጥባሉ። የወይራና የወይን ቅጠል ያለበት ውሃ በኩስኩስት ይዘው በተራ ይመጣሉ። እኔ በየዓመቱ ቦታዬን ለሌላ ሰው እለቅ ነበር። እግሬ ከፔዳል ብዛት አብጧል፤ ተረከዜ ተሰነጣጥቋል። እኔ ማን ነኝና ካህን እግሬን ያጥባል እል ነበር። ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

ያን ዕለት ድካም ይሁን ጾሙ፣ ተቀምጬ ሸለብ አደረገኝ። የማሽኖቹ ዝናብ በጆሮዬ ይወርዳል። በሩቅ የሚዜመው ከዝናቡ ጋር ይቀላቀላል። ነጭ ነገር አያለሁ፤ ነጠላ ይሁን ሸሚዝ አልለይም። ከነጩ መሐል ትንሽ አንገት አየሁ። ፊት የለውም፤ አንገት ብቻ ነው፤ ኮሌታው እስከ ላይ ተቆልፏል። ስነቃ የንስሐ አባቴ ከፊቴ በርከክ ብለዋል።

እግሬን ሰበሰብኩ። ለጎኔ ሰው እንዲያልፉ በእጄ አመለከትኩ።

«እግርሽን ስጪኝ» አሉኝ።

«አባቴ፣ የእኔ እግር ይቅር።»

«ቆሻሻው የታየኝ አይምሰልሽ፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። አንቺ ብቻ ስጪኝ።»

ዓይናቸው እንደማያይ በሰው ፊት እንዲህ እንደዋዛ ተናገሩት። እግሬን ሰጠኋቸው። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። አረጋዊ ናቸው፤ ጎንበስ ሲሉ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ምንም ልመልስላቸው አልችልም። የምሞላው ሳህን የለም። ዝም ብዬ ታጠብኩ። ቀና ሲሉ የሆነውን በጆሯቸው ነገርኳቸው። ፈረቃው ሳያልቅ ሂጂ አሉኝ። ቡራኬውን ሳልጠብቅ ወጣሁ።

አዳራሹ ስደርስ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አዳራሹን የሞሉት የእኛን ቦታ የያዙ ሰዎች ናቸው። ከካውያ የወጣው ሸሚዝ ማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ ተቆልሏል፤ ካርቶን እየከፈቱ ነበር። ሰናይት አየችኝና ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ አስካለ፣ ምን ሆኑ? ልጆቹ ደኅና ናቸው?»

ልጆቹ ደኅና ናቸው አልኳት። መርፌ ሰብሬ መደበቄን፣ ጫፉ አለመገኘቱን፣ በራሴ መርፌ መሥራቴን ነገርኳት። ሁለቱን ቁራጮች ከኪሴ አውጥቼ እጇ ላይ አደረግኩ። ሕጉን አውቃለሁ፤ የሚደረገው ይደረግ አልኳት። ሰናይት ቁራጮቹን መዳፏ ላይ ገጣጥማ አየች። ከዚያ ማሽኖቹን አስቆመች። በሥራ ሰዓት ያ ዝናብ ሲያባራ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ለእኔ ከመሰናበት የከበደ ነው። እሸሸው ነበር። አሁን ግን መሸሻ የለም፤ አርባውን ሸሚዝ ብቻዬን ብፈትሽ ጫፉን አላየውም።

«ዓይኔ አያይም» አልኩ። «ካየም ቆየ። እባካችሁ ፈልጉልኝ።»

 ከድጃ ከማሽኗ ተነሣች።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ክር ስሰካልሽ ስትነቅይ ከርመሽ» አለች፣ «ዛሬ ትነግሪናለሽ?»

«አዎ።»

«ጥሩ። ነይ እዚህ ተቀመጪ። እንዳትነኪ ብቻ።»

አንዷ ከኋላ፣ ከድጃ አለቃ ሆነች አለች። ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ፤ እንባዬም መጣ። ሸሚዞቹ በየማሽኑ ተከፋፈሉ። ጋሽ ደበላ ማግኔታቸውን ይዘው መጡ፤ እሳቸውም በዚያ ዓመት ጡረታ ሊወጡ ነበር። ኮሌታው ድርብ ስለሆነና መሐሉ ማጠንከሪያ ስላለው ማግኔቱ ብቻውን አይበቃም አሉ። ስለዚህ የሁሉም ኮሌታ ተፈታ። ሴቶቹ በመፍቻ ስፌቱን ይተረትራሉ፣ በጣታቸው ይዳብሳሉ፣ ወደ ብርሃን ይይዛሉ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ከጣሪያው የሚገባው ብርሃን እየሳሳ ሄደ። በዚያ ብርሃን ውስጥ በሰው እጅ ላይ የሚከፈቱ ነጫጭ ኮሌታዎች ነበሩ። አቤቱ ማረኝ ማለት ረስቼ ቁጭ ብዬ አያቸው ነበር።

ያገኘችው ሰዓዳ ናት። በሁለተኛው ፈረቃ የምትሠራ፣ ከእኔ ጋር አንድም ቀን ተነጋግራ የማታውቅ ሴት ናት። ጣቷን ወጋትና እጇን ወደ አፏ ወሰደች። ጫፉ በሁለቱ ጨርቆች መሐል፣ ልክ ከላይኛው ቁልፍ አጠገብ፣ የልጅ ጉሮሮ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሰናይት መዝገቡን አመጣች። ጋሽ ደበላ ሦስቱን ቁራጮች በሥዕሉ ላይ ለጠፉ። መርፌው ሞላ። ፈረምኩ።

የተፈታው ኮሌታ እንደገና መሰፋት ነበረበት። ከድጃ ማሽኔን ክር ሰካችልኝ። አሥሩን እኔ ሰፋሁ፤ ሌላውን እነሱ ተካፈሉት። ሰዓዳ የተወጋ ጣቷን በቁራጭ ጨርቅ አስራ ሰፋች። ሰላሳ ዘጠኙ ወደ ካርቶን ገባ፤ ያ አንዱ በመዝገብ ቤት ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ ጉዳዩ ለአስተዳደር ቀረበ። ሕጉ ማሰናበት ነው። ሰናይት፣ እትዬ አስካለ ራሳቸው መጥተው መናገራቸውን ጻፉልኝ ብላ ተሟገተች። ከድጃ ሳትጠራ ገባችና፣ ዓይኗ መድከሙን ሦስት ዓመት አውቄ ዝም ብያለሁ፤ ከቀጣችሁ ሁለታችንንም ቅጡ አለች። ያን እንዳትል ልከለክላት ነበር። አፌን ያዝኩ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከኮሌታ ወርጄ ረዳት ሆንኩ። ስሜም ከሰሌዳው ተሰረዘ።

የቀሩኝን ሁለት ዓመታት በጀመርኩበት ማዕረግ ሠራሁ። መነጽር ያሠሩልኝ የመስመሩ ሰዎች ናቸው፤ ተቀበልኩ። በመነጽሩም ክር ስቆርጥ የሚያመልጠኝ አለ። ያለማመድኳቸው ልጆች እትዬ እዚህ ቀርቷል ይሉኛል፤ እቆርጣለሁ። በሚቀጥለው ጸሎተ ሐሙስ ፈረቃዬን ከድጃ ያዘችልኝ። ጠዋት በጊዜ ሄጄ ቀኑን ሙሉ ሰገድኩ። አንዳንዴ ስሰግድ በዚያ ሰዓት በእኔ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እሷ መሆኗ ይታወሰኛል። ስሟንም ስማቸውንም በጸሎቴ አነሣለሁ። እሷም በሶላቷ ታነሣኛለች፤ ራሷ ነግራኛለች።

ያ ሸሚዝ በየትኛው ልጅ አንገት ላይ ይውል እንደነበር አላውቅም። ዛሬ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ይሆናል። ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ፌርማታ ላይ ተማሪዎች ሲያልፉ ቆሜ አያለሁ።

ለሥራ ባልደረቦቼና ለአዲስ ገቢዎች የምለው ይህን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እግዚአብሔርን እርዳኝ ስለው ኖሬያለሁ። ሲረዳኝ የላከው ሰውን ነበር፤ እኔ ግን ሰዎቹን እመልሳቸው ነበር። አሁን አልመልስም።